ከሰማይ የሚታየው መሬታችን፦ የሳተላይት ካርታን ለመሬት አጠቃቀምና ለአየር ንብረት ክትትል መጠቀም

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)

 

የዛሬውን ርዕስ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ሳተላይቱ ያለው ሰማይ ላይ ነው፤ እኛ ያለነው ማሳችን ላይ ነው። ታዲያ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግሬም የዚችን የሰማይ ላም ወተት እንዴት ማለብ እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሳተላይት መሬታችን ምን እንደሚመስል፣ የትና መቼ እንደተለወጠ ያያል። ለምን እንደተለወጠ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በቦታው የሚያርሰው፣ ከብቱን የሚያግደው፣ ውኃ የምትቀዳው ሰው ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ካርታው ይሳሳታል። የተሳሳተ ካርታ ደግሞ የተሳሳተ ውሳኔ ያስወስናል። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው ካርታ ማየትን ብቻ ሳይሆን ካርታን ማረምንም ጭምር ነው።

1. ከላይ የተነሣ ምስል ለእናንተ አዲስ አይደለም

ብዙዎቻችሁ የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ ነበራችሁ። የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣ ትልቅ ምስል ዘርግተው፣ «ድንበርህ የቱ ነው? አዋሳኝሽ ማን ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ታስታውሳላችሁ። እናንተም ወንዙን፣ መንገዱን፣ ትልቁን ዋርካ ፈልጋችሁ፣ ከዚያ ተነሥታችሁ የራሳችሁን ማሳ አግኝታችኋል። ካርታ ማንበብ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ የምናየው ምስል ከዚያ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየጥቂት ቀኑ እየታደሰ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ተመልሰን የድሮውን ማየት እንችላለን። የመሬት ምርመራ ሳተላይት የሆነው ላንድሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጠቀው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ነው። ከዚያ ወዲህ የላንድሳት ሳተላይቶች እየተተካኩ ምስል አንስተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ምስሎቹ ለማንም ሰው በነፃ ተከፍተዋል። ስለዚህ እዚህ ያለው ወጣት ከመወለዱ በፊት ቀበሌው ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይችላል።

አገራችንም የራሷን የመሬት ምርመራ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች። የመቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ነው።

2. ሳተላይት እንዴት ያያል?

ሳተላይት ከእኛ ዓይን የተሻለ ነገር ያለው በአንድ በኩል ነው፤ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ያያል። ለምለም ቅጠል የፀሐይን ቀይ ብርሃን ለምግብ ማዘጋጃ ይወስደዋል። ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ለሰው ዓይን የማይታየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሰብሉ ሲጠማ፣ ሲታመም ወይም ሲደርቅ ይህ ልዩነት ይቀንሳል። ባለሙያው ሁለቱን ብርሃን አነጻጽሮ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ የአረንጓዴነት መለኪያ እንበለው። ባዶ አፈር ከ0.1 እስከ 0.2 ገደማ ያሳያል። የለመለመ ሰብል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ደን 0.6 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ውኃ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ምስሉ የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ነው፤ እንደ ሰፌድ ስፌት አስቡት። ስፌቱ ሲደቅ ሥዕሉ ይጠራል፤ ሲገዝፍ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መሬትን የሚያነሣው ሴንቲኔል 2 የአንዱ ቁራጭ ስፋት 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ማሳ፣ በብዙ አካባቢያችን አንድ ጥማድ የምንለው፣ 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ በሴንቲኔል ምስል ላይ 25 ቁራጭ ያህል ይይዛል። በላንድሳት ምስል አንዱ ቁራጭ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ ያው ማሳ ሦስት ቁራጭ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ የላንድሳት ምስሎች ቁራጭ ደግሞ 80 ሜትር ገደማ ስለነበር፣ አንዱ ቁራጭ ብቻውን ከሁለት ጥማድ ተኩል በላይ ነው።

ይህን ስሌት ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ባለሙያ «የ1965ቱ ምስል የአቶ እገሌን የጤፍ ማሳ ያሳያል» ቢላችሁ አትመኑት። የዚያ ዘመን ምስል ጫካውን፣ ሐይቁን፣ ሰፊውን የግጦሽ ሜዳ ያሳያል እንጂ የአንድ አባወራ ማሳ ለይቶ አያሳይም። በማሳዎች መካከል ያለ ድንበር፣ ጠባብ እርከን፣ አንድ ረድፍ የጌሾ ተክልም በ10 ሜትር ምስል አይለይም።

ሌላው እንቅፋት ደመና ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰብላችንን ማየት በሚያስፈልገን ጊዜ፣ ሰማዩ ይሸፈናል። በደመና ውስጥ አልፎ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ ሴንቲኔል 1 አንዱ ነው። እሱ ግን የሚያየው የገጽታውን ሻካራነትና እርጥበት እንጂ ቀለሙን አይደለም።

3. የሃምሳ ዓመቱ መዝገብ ምን ያሳያል?

ከክልላችን አራት ቦታዎችን ላንሣ። አራቱም የተለያየ ትምህርት አላቸው።

የመጀመሪያው የፎገራ ሜዳ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ቀድሞ ሰፊ የግጦሽ ሣር ነበር። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የኖረው በዚህ ሣር ነው። ሩዝ ከገባና ከተለመደ ወዲህ ሜዳው በየዓመቱ እየታረሰ ሄደ። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው የሚታወሰን። የድሮውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሣሩ ወደ ማሳ ሲለወጥ ይታያል። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ አብልቷል፤ ገበያም አስገኝቷል። የግጦሹ መጥበብ ደግሞ የከብቱን ዝርያ አደጋ ላይ ጥሎታል። ካርታው ሁለቱንም በአንድ ላይ ያስቀምጣል፤ የትኛው ይበልጣል ብሎ ግን አይፈርድም።

ሁለተኛው በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ደን ቀነሰ በሚባልበት ዘመን በዚህ ወረዳ ምስሉ የዛፍ ሽፋን ሲጨምር ያሳያል። ምክንያቱ አርሶ አደሩ በራሱ ማሳ የተከለው ዲከረንስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፤ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። አሲዳማና የደከመ መሬት ለያዘ ገበሬ ጥሩ ገቢ ሆነ። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ዛፍ በሰፊው ሲተከል አንድ በሽታም በሰፊው ይዛመታል። በቅርብ ዓመታት የፈንገስ በሽታ ገብቶ በዲከረንስ ተክል ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ካርታው ላይ «ደን» ተብሎ የተጻፈው ቃል የሐበሻ ጽድና ወይራ ያለበትን የተፈጥሮ ደንም፣ ለከሰል የተተከለውንም እኩል ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው ጣና ሐይቅ ነው። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ጎልቶ መታወቅ ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስርጭቱን በሳተላይት መከታተል ተችሏል። ውኃ ያንን የማይታይ ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል፤ ቅጠል ግን ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት በውኃ ላይ ያለ አረም ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን እምቦጭ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ከቦታ ቦታ ይገፋዋል። የሰኞው ካርታ ለዓርብ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ካርታ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ሳይሆን ቀኑን ይሁን።

አራተኛው በደቡብ ጎንደር የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ከላይ ሲታዩ በታረሰና በተጋጠ መሬት መካከል ክብ ክብ ሆነው የቀሩ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው። አካባቢው ድሮ ምን ዓይነት ዛፍ ያበቅል እንደነበር የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የአገር በቀል ዛፍ ዘር ለመሰብሰብ የሚፈልግ ማኅበር የትኛው ደን ለቀበሌው እንደሚቀርብ ከምስሉ በቀላሉ ያገኛል።

4. የራሴ ስሕተት

አሁን ከራሴ ሥራ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በወሎ በኩል በአንድ ቀበሌ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ነበር። የበፊቱንና የአሁኑን ምስል አነጻጽሬ ካርታ ሠራሁ። ተራራው ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ተለውጧል። ደስ ብሎኝ ለስብሰባው አቀረብኩት። ኮሚቴውም ተራራው «አገግሟል» ተብሎ እንዲመዘገብና ለእሱ የተያዘው የሰው ጉልበት ወደ ሌላ ተፋሰስ እንዲዛወር ሊወስን ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ አረንጓዴነቱስ እውነት ነው» አሉኝ። «ግን ከብት የማይበላው አረንጓዴ ነው። የወፍ ቆሎ ነው የወረረው። ሣሩን እያጠፋው ነው።»

በማግሥቱ አብረን ወጣን። እውነታቸውን ነበር። ከላይ ያማረው ግማሹ ተዳፋት እሾሃማው የወፍ ቆሎ ነበር፤ ከሥሩ ሣር የለም። ሥራው ተቋርጦ ቢሆን አረሙ ወደ ግጦሹና ወደ ማሳው ይወርድ ነበር። ጉልበቱ እዚያው ቀርቶ ለነቀላ ዋለ። ካርታውንም አረምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቦታው የሚኖር ሰው ያላየው ካርታ ለውሳኔ አላቀርብም።

ከዚህ ስሕተት የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ምስሎቹን ያነጻጸርኩት ዝናብ ካነሰበት ዓመት ጋር ዝናብ የጠገበውን ዓመት ነበር። ዝናብ በጠገበ ዓመት ያልተሠራበት ተራራም ይለመልማል። ስለዚህ ሥራችን ለውጥ ማምጣቱን ለማወቅ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የሁለቱም ዓመት ምስል ከአንድ ወር ይሁን፤ የጥቅምትን ከጥቅምት፣ የየካቲትን ከየካቲት እናነጻጽር። ሁለተኛ፣ የተሠራበትን ተራራ ካልተሠራበት ጎረቤት ተራራ ጋር በእነዚያው ዓመታት እናስተያይ። ሁለቱም እኩል ከለመለሙ ምስጋናው የዝናቡ ነው። የእኛው በልጦ ከለመለመ፣ ያውም በበጋ፣ ያኔ የእርከኑና የጥበቃው ውጤት ነው።

የበጋ ምስል ሌላም ጥቅም አለው። በጥርና በየካቲት ሰብል ተሰብስቧል፤ ሣሩም ደርቋል። በዚያን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ባህር ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ የተፈጥሮ ደን ወይም የመስኖ ማሳ ነው። በየዓመቱ የየካቲትን ምስል ብቻ ብታስቀምጡ ባህር ዛፍ ወደ እርሻው ስንት እርምጃ እንደገባ፣ የመስኖው መሬት እንደሰፋ ወይም እንደጠበበ ማየት ትችላላችሁ።

5. ዝናብና ሙቀት ከሰማይ ሲለኩ

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት አንድ አይደሉም። የአየር ሁኔታ የዛሬው ዝናብ፣ የነገው ውርጭ ነው። የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመት፣ አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት፣ አማካይ ጠባይ ነው። አንድ የከፋ ክረምት ብቻውን የአየር ንብረት ተለወጠ አያሰኝም።

ዝናብን በሳተላይት መለካት የሚቻለው ደመናን በማየት ነው። ሚቲዮሳት የተባለው ሳተላይት ከ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሆኖ አፍሪካን ያለማቋረጥ ያያል። ዝናብ የሚጥል ትልቅ ደመና ጫፉ ከፍ ያለና በጣም የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ቅዝቃዜ ተነሥቶ የዝናቡ መጠን ይገመታል፤ በምድር ላይ ባሉ መለኪያዎችም ይስተካከላል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ የዝናብ መዝገብ አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የጣቢያዎቹን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አቀናጅቶ ይጠቀማል፤ በየ10 ቀኑም የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መረጃ ያወጣል።

ይህ ሥራ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ፊውስ ኔት የሚባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ምክንያት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ዝናቡን ባስቀረበት ጊዜ የዝናቡ ማነስና የአረንጓዴው መቀነስ በምስል ይታይ ነበር። በዚያ ድርቅ በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። መረጃ ቀድሞ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ከብት ሳይከሳና ገበያው ሳይወርድ ለመሸጥ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ለመፈለግ፣ መኖ ለማጠራቀም።

ሙቀትስ? በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደጨመረ ያሳያል። የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ግን በዚያው ጊዜ ወጥ የሆነ የመቀነስም ሆነ የመጨመር አቅጣጫ አላሳየም። 1.3 ዲግሪ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 1.3 ዲግሪ ማለት ቆላውም ወይና ደጋውም 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ እንደማለት ነው። በቆሎ አባቶቻችሁ ባልዘሩበት ከፍታ ሲበቅል ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ለደጋው ገበሬ አዲስ ሰብል፣ ግን ደግሞ አዲስ ተባይና በሽታ ነው።

የሳተላይት ዝናብ ግምት በተራራማ አካባቢ ድክመት አለው። ተራራ የገፋው ዝናብ አንዳንዴ ካልቀዘቀዘ ዝቅተኛ ደመና ይጥላል። ሳተላይቱ ያንን አሳንሶ ይገምታል። በአንድ ጎጥ ጥሎ በሌላው የሚያልፈውን ዝናብም አይለይም። ይህን ክፍተት የሚሞላው በቀበሌው ውስጥ የሚለካ ሰው ነው።

6. «ካርታው መሬቴን ይወስድብኛል?»

ይህን ጥያቄ በየሥልጠናው እሰማለሁ፤ መጠየቁም ትክክል ነው። መልሴ ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ ዛሬ የምናወራው ካርታ የይዞታ ካርታ አይደለም። ይዞታችሁ የሚረጋገጠው በመሬት አስተዳደር መዝገብና በእጃችሁ ባለው ደብተር ነው። 10 ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ የአንድን ድንበር ጠብ ሊፈታ አይችልም፤ ለዚያ ልጠቀምበት የሚል ቢኖር አትቀበሉት።

ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሳተላይት ምስል ያረፈ ማሳ፣ በበጋ የተጋጠ የወል መሬት፣ የመውቂያ አውድማ ሁሉ «ባዶ መሬት» ተብሎ ሊመደብ ይችላል። ኮምፒዩተሩ የሚያየው እርቃኑን የቀረ አፈር ብቻ ነውና። ካርታውን ብቻ የያዘ ሰው «ይህ መሬት ሥራ ፈትቶ ነው» ሊል ይችላል። ለእናንተ ግን የ50 አባወራ ከብት ክረምቱን የሚከርምበት ነው። እንዲህ ያለ ቃል ካርታ ላይ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ማን እንደሚጠቀምበት፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ከብት እንደሆነ አስመዝግቡና ስሙ እንዲስተካከል ጠይቁ። ለወል መሬት ጠበቃው ይህ መዝገብ ነው።

7. ከዚህ ስትመለሱ የምትሠሩት

ሀ. የማሳ ማስታወሻ ያዙ። በአንድ ደብተር ላይ ምን እንደዘራችሁ፣ የዘራችሁበትን ቀን፣ ያበበበትን፣ ያጨዳችሁበትን፣ ስንት ኩንታል እንዳገኛችሁ ጻፉ። ውርጭ፣ በረዶ፣ ዋግ፣ ተምች ከመታው ቀኑን ጻፉ። መጻፍ ለማይችሉ ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ካርታውን ከመሬቱ ጋር ለማመሳከር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ለ. ዝናብ ለኩ። አፉና ግርጌው እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት በማስመሪያ ለክታችሁ መዝግቡና ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 25,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። እርከን ይህን ነው የሚይዘው።

ይህ ልኬት ለዘር ቀንም ይጠቅማል። ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለና ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ረዥም ደረቅ ጊዜ ካልገባ ዝናቡ ገብቷል። የፊቱን 30 ቀን ማንም በጣሳ አይለካውም፤ ለዚያ የሚቲዎሮሎጂውን ትንበያ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ሦስት ቀን ግን በእጃችሁ ነው። አንድ ቀን ባጉረመረመ ዝናብ ዘር ጨርሶ ከመበተን ያድናል።

ሐ. ቋሚ የፎቶ ቦታ ምረጡ። በቀበሌው ውስጥ አምስት ቦታ ለዩ፤ ለምሳሌ የተከለለው ተራራ፣ ያልተከለለው፣ የወል ግጦሹ፣ ቦረቦሩ፣ ምንጩ። ስማርት ስልክ ያለው ወጣት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በየካቲት፣ ከዚያው ቦታ ቆሞ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ ያንሣ። የስልኩን የቦታ ማመልከቻ ሲመዘግብ ከማሳው ጠርዝ ሳይሆን ከመካከሉ ይቁም፤ ስልኩ ጥቂት ሜትር ሊስት ስለሚችል ጠርዝ ላይ ከቆመ የጎረቤት ማሳ ይመዘገባል።

መ. ሽማግሌዎችን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ጫካው የት ድረስ ነበር? ምንጩ መቼ ቀነሰ? ባህር ዛፍ ማን መጀመሪያ ተከለ? መልሱን ከድሮው ምስል ጋር አስተያዩ። በኮምፒዩተር ጉግል ኧርዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያለውን ለውጥ በተንቀሳቃሽ ምስል ማየት ይቻላል። የሽማግሌውና የምስሉ ቃል ሲገጥም ደስ ይላል፤ ሳይገጥም ደግሞ አዲስ ነገር የምንማርበት ነው።

ሠ. ካርታ ሲቀርብላችሁ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ምስሉ የተነሣው በየትኛው ቀን ነው? የአንዱ ቁራጭ ስፋት ስንት ሜትር ነው? ከየትኛው ዓመትና ወር ጋር ተነጻጸረ? አረንጓዴው ምን ተክል ነው? ቦታው ድረስ ሄዶ ያረጋገጠው ማን ነው? ባለሙያው ለአምስተኛው መልስ ከሌለው፣ «ነገ አብረን እንሂድ» በሉት።

ውድ ወገኖቼ፣ ያች የወሎ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ኮምፒዩተርም አልነኩም። እኔ ያላየሁትን ያዩት ተራራውን በየቀኑ ስለሚያልፉበት ነው። እኔ ደግሞ እሳቸው ያላዩትን፣ አረሙ ወደ ሦስት ጎረቤት ቀበሌዎች መድረሱን፣ በምስሉ አሳየኋቸው። የነቀላው ዘመቻ በአራቱም ቀበሌ በአንድ ጊዜ የተጀመረው ሁለታችን የያዝነውን በአንድነት ስላስቀመጥን ነው። ከእናንተ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው፤ ካርታውን ተቀብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ አርሙት።



የቡድን ውይይት ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ባለፉት 20 ዓመታት ጎልቶ የተለወጠው የትኛው መሬት ነው? ለውጡ ማንን ጠቀመ? ማንን ጎዳ?

2. ከላይ ሲታይ ለምለም የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ጥቅም የሌለው ተክል የያዘ ቦታ አለ? ምን ታደርጉበታላችሁ?

3. በካርታ ላይ «ባዶ መሬት» ሊባል የሚችል፣ እናንተ ግን የምትጠቀሙበት መሬት የትኛው ነው? አጠቃቀሙን ማን ይመዘግባል?

4. የዝናብ ጣሳውን በየጎጡ ማን ይለካል? መዝገቡስ በየስንት ጊዜው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይደርሳል?